ከጎንደር የትርጓሜ ጉባኤ ደጃፍ

ጎንደርን ለማየት የሚሄድ መንገደኛ ዐይኑ በመጀመሪያ የሚያርፈው በዐፄ ፋሲል ግንብ ላይ ነው። ግንቡ የሚያምር ነውና አይፈረድበትም። እኛ ግን፣ ውድ አንባብያን ሆይ፣ ባለፈው ጥቅምት ከባሕር ዳር ተነሥተን፣ ሩዙ የበሰለበትን የፎገራን ሜዳ አቋርጠን፣ በወረታና በአዲስ ዘመን በኩል 180 ኪሎ ሜትር ያህል ተጉዘን ከዚያች ከተማ የገባነው ሌላ ነገር ፍለጋ ነበር። ይኸውም የመጻሕፍት ትርጓሜ ጉባኤ ነው። ግንቡን የሚጎበኘው ሰው እጅግ ብዙ ነው፤ ጉባኤውን የሚጎበኘው ግን ጥቂት ነው።

ጎንደር በ1628 ዓ.ም. ከተቆረቆረች በኋላ ነገሥታቱ በቀሃና በአንገረብ ወንዞች መካከል አብያተ ክርስቲያናቱን ሲተክሉ፣ ሊቃውንቱም ከየአገሩ እየመጡ በየደብሩ ወንበር ዘረጉ። የመጻሕፍቱ ንባብ በግዕዝ ነው፤ ትርጓሜው ግን ሕዝቡ በሚናገረው በአማርኛ ይሰጣል። ለአንድ ቃል አንድ ፍቺ ብቻ ተሰጥቶ አይታለፍም፤ «አንድም» እየተባለ ሁለተኛው፣ ሦስተኛውም ይከተላል። ትርጓሜው ራሱ በዚህ ቃል አንድምታ ተብሎ መጠራቱም ስለዚህ ነው። ሊቃውንቱ ላይ ቤትና ታች ቤት ተባብለው በሁለት ወገን ይተረጕሙ ነበር። የታች ቤቱ መሪ መምህር ኤስድሮስ መጻሕፍቱን ለመመርመር ከሰው ርቀው ወደ ጣና ደሴት መግባታቸው ይተረካል። በመጨረሻም የጸናው የእርሳቸው ወገን ትርጓሜ ነው።

ይህች ከተማ መጽሐፍ ማጣትን ታውቃለች። በ1859 ዓ.ም. ዐፄ ቴዎድሮስ አብያተ ክርስቲያናቱን አስበርብረው ብራናውን ወደ መቅደላ አስጫኑ፤ በ1860 ዓ.ም. የእንግሊዝ ጦር መቅደላን በያዘ ጊዜ ከዚያ ክምችት ከ300 በላይ የሚሆነው ወደ ለንደን ሄደ፤ እስከ ዛሬም እዚያው አለ። በ1880 ዓ.ም. ደግሞ ደርቡሾች ገብተው ከተማዋን አቃጠሉ፤ ደብረ ብርሃን ሥላሴን የመሰለ ጥቂት ደብር ብቻ ተረፈ። ትርጓሜው ግን በመምህራን ልብ የተጻፈ ነበርና አልተጫነም፣ አልተቃጠለም። ሊቁ በሕይወት ካለ ጉባኤው በሌላ ጥላ ሥር ይቀጥላል። በሃያኛው መቶ ዓመት የወንጌሉ፣ የጳውሎስ መልእክታትና የዳዊት ትርጓሜ በአዲስ አበባ እየታተመ ወጥቷል፤ ይህም ትልቅ በረከት ነው። ዳሩ ግን የታተመውን ይዞ የሚመጣ ተማሪ እንኳ መምህር ይሻል። ጃንደረባው ኢሳይያስን በሠረገላው ላይ እያነበበ ሳለ ፊልጶስን ወደ ላይ ውጣልኝ ብሎ የለመነው መጽሐፍ አጥቶ አልነበረም፤ መጽሐፉማ በእጁ ነበረ።

እኛ ባየነው ደብር የኔታ ከወይራው ሥር በመደቡ ላይ ይቀመጣሉ። ተማሪዎቹም፣ ያለው ደበሎውን፣ የሌለው ነጠላውን ደርቦ፣ በዙሪያቸው ይሰፍራሉ። አንዱ ከግዕዙ አንድ ሐረግ ያነባል፤ የኔታም መጽሐፉን ሳያዩ ይተረጕማሉ። ለዚህ ቦታ የሚበቃ ሰው አስቀድሞ ፊደልን፣ ዳዊትን፣ ዜማንና ቅኔን የተማረ ነው፤ ቅኔ ያልገባ ሰው ግዕዙ አይፈታለትምና። ብሉዩን፣ ሐዲሱን፣ ሊቃውንቱንና መነኮሳቱን ሁሉ አዳርሳለሁ ያለ እንደ ሆነ ጕልማስነቱ እዚያው ያልቃል። ከተማሪዎቹ አንዱ የመምህሩን ቃል በስልኩ ሲቀርጽ አይተን የኔታ ይቈጡት ይሆን ብለን ነበር፤ አልተቈጡም። ጉባኤው ሲነሣ ግን፣ «ስልክህስ ሰማ፤ አንተ ሰማህ ወይ?» አሉና ከራሱ እስከ እግሩ አስደገሙት።

የዚያን ዕለት ትምህርት ከሉቃስ ወንጌል ምዕራፍ 10 ነበር። ከኢየሩሳሌም ወደ ኢያሪኮ ሲወርድ ወንበዴዎች ያቈሰሉት ሰው አዳም ነው፤ ኢየሩሳሌም ገነት፣ ኢያሪኮ ይህ ዓለም፣ ወንበዴዎቹ አጋንንት፣ የራራለትም ሳምራዊ ጌታችን ነው። የእንግዶች ማደሪያው ቤተ ክርስቲያን፣ ጠባቂው መምህራን፣ ለጠባቂው የተሰጡትም ሁለት ዲናሮች ብሉይና ሐዲስ ናቸው። ይህን በስብከት ሰምተን ነበር። በባዶ ሆዳቸው ከሚሰሙት ጋር ተቀምጦ መስማት ግን ሌላ ነው።

ባዶ ሆድ ማለታችን ለማጋነን አይደለም። የቆሎ ተማሪ ከአገሩ የሚወጣው ስንቅ ሳይዝ ነው። ከጉባኤ በኋላ አኩፋዳውን አንግቶ፣ ለውሻ መከላከያ በትሩን ይዞ፣ «በእንተ ስማ ለማርያም» እያለ በየደጁ ይቆማል። ያገኘውን ቁራሽ ጎጆው ውስጥ አድርቆ ኮቸሮ ያደርገዋል፤ ለክረምቱ የሚሆነው እርሱ ነው። ይሁንና ዛሬ ከተማ እየሰፋ በሄደ መጠን አጥሩ ከፍ ይላል፣ በሩ ብረት ይሆናል፣ የተማሪውም ድምፅ ከጥበቃው አልፎ ወደ ማጀት አይደርስም። ተማሪዎቹ ይህን የነገሩን ሳያማርሩ ነው። አንዱ ግን ሁለት ጓደኞቹ ቅኔውን ጨርሰው፣ ሐዲስ ከጀመሩ በኋላ፣ ለቀን ሥራ ወደ መተማ መውረዳቸውን አጫወተን። እኛ ሁላችን በየቤታችን መጽሐፍ ቅዱስ አለን፤ አንዳንዱ በመደርደሪያ፣ አንዳንዱ በስልክ። ምእመናን የቃሉን ፍቺ እንራባለን ስንል ይህን ራብ የሚያስታግሡልን ሰዎች ራሳቸው እንዴት እንደሚያድሩ መጠየቅ የሚገባን ይመስለናል።

ከደብሩ በታች እንጀራ እየሸጡ የሚኖሩ አንዲት እናት አሉ። ፊደል አልቈጠሩም። ከገበያ የተረፈውን እንጀራ ለተማሪ ያስቀምጣሉ፤ ነገር ግን በነጻ አይሰጡም። ዋጋቸው የዕለቱ ትርጓሜ ነው። ከጉባኤው የመጣውን ተማሪ ከደጃቸው አስቀምጠው፣ «በል ልጄ፣ ዛሬ የኔታ ምን አሉ?» ይሉታል። እኛም ተከትለን ሄደን ሰማን። ተማሪው ስለ ሳምራዊው ከአዳም እስከ ሁለቱ ዲናሮች ድረስ ሳያዛንፍ ተረከላቸው። እርሳቸው ምጣዳቸውን እያሰሱ ጸጥ ብለው ሰሙና፣ «መልካም፤ ግን ሁለቱ ዲናር ያለቀበት ቀን ያ የማደሪያው ሰው ቍስለኛውን በምን አበላው?» አሉ።

ተማሪው መልስ አጣ። እንጀራውን በአኩፋዳው ከቶ እየሮጠ ወደ የኔታ ወጣ፤ እኛም ዳገቱ እያደከመን ተከተልነው። የኔታ ጥያቄውን ሰምተው ጥቂት ዝም አሉ።

«ጥያቄዋ ከንባቡ ቀጥሎ ያለው ነው፤ ነገ የምንደርስበትን ዛሬ ጠየቀች። ጌታ ለጠባቂው፣ ከዚህ አብልጠህ የምትከስረውን በተመለስሁ ጊዜ እከፍልሃለሁ ብሎታል በላት። ትርፉ መምህራን በብሉይና በሐዲስ ላይ ደክመው የጻፉት ድርሳን ነው፤ የሚመለስበትም ቀን ዳግም ምጽአት ነው» አሉት።

ተማሪው ሊሄድ ሲነሣ መልሰው ጠሩት። «ይህኛው በትርጓሜው የለም፤ ከእኔ ነው ብለህ ንገራት። አንድም፣ ትርፉ የአንቺ እንጀራ ነው በላት።»

ፀሐይ ሳትጠልቅ እንዲደርስ ደበሎውን ጠቅልሎ በብብቱ ይዞ ቍልቍለቱን ወረደ።