ነፃ የሆነው ገንዘብ

ሃያ ዓመት በዋሽንግተን ሌሊት ሌሊት ታክሲ የነዱት አዛውንት፣ እርጅና ሲጫናቸው ቶሮንቶ ወደምትኖረው ልጃቸው ዘንድ ሄዱ። ከአሜሪካ የሚላክላቸውን የሶሻል ሴኩሪቲ አበል በካናዳ የታክስ ቅጽ ላይ ማስፈር ሲመጣ ግን ተሟገቱ፤ «ውሉ ነፃ ያደረገውን ምን አስቆጠረኝ?» አሉ።

በ1980 እ.ኤ.አ. ተፈርሞ ኋላ በተሻሻለው የሁለቱ አገሮች ስምምነት መሠረት፣ ካናዳ ነዋሪ የሆነ ተጧሪ ለዚህ አበል ለአሜሪካ ታክስ አይከፍልም፤ ካናዳም 15 በመቶውን ነፃ ታደርግለታለች። ልጃቸው አበሉን በካናዳ ዶላር አስልታ ሙሉውን በ11500 መስመር አሰፈረች፤ 15 በመቶውንም በ25600 መስመር ቀነሰች።

«አባባ፣ ያልተጻፈ አይቀነስም። ነፃ መሆን ሌላ፣ መሸሸግ ሌላ።»

አዛውንቱ መነጽራቸውን አድርገው ቁጥሩን ረጅም ጊዜ ተመለከቱ። የዚያ ሁሉ ሌሊት ድካም በአንዲት መስመር ሳይጎድል ሰፍሯል። ብዕሩን ተቀብለው ፈረሙ።