፩ ቁጥር ነውን?

ፓይተን የሚባለው የኮምፒዩተር ቋንቋ ምንጩ ለሁሉ ክፍት ነው፤ ይኸውም አሠራሩንም ሆነ የመመሪያ ጽሑፉን ማንም ሰው አንብቦ እርማት ሊያቀርብበት ይችላል ማለት ነው። እኔም በዚህ ዓመት አንዲት እርማት ጽፌአለሁና ነገሩን ለአንባብያን ላስረዳ።

በዚህ ቋንቋ ውስጥ «ኢዝዲጂት» የሚባል ትእዛዝ አለ። ሥራው የተሰጠው ምልክት አኃዝ መሆኑንና አለመሆኑን መመርመር ነው። ፩ን ቢጠይቁት «አዎን» ይላል። ነገር ግን ያንኑ ፩ ጽሑፍን ወደ ቁጥር ለሚለውጠው «ኢንት» ለተባለው ትእዛዝ ቢሰጡት አልቀበልም ብሎ ፕሮግራሙን ያቆመዋል። በ፲ ላይ ደግሞ ነገሩ ይብሳል፤ ኢዝዲጂት ራሱ «አይደለም» ይላል። ፲ን ቁጥር ነው ብሎ የሚመሰክረው «ኢዝኑሜሪክ» የሚባለው ሌላ ትእዛዝ ነው።

ምክንያቱን ሲመረምሩት ከንቱ አይደለም። የግዕዝ ቁጥር ዜሮ የለውም፤ ዐሥርም፣ ሃያም፣ መቶም የየራሳቸው ምልክት አላቸው። 2017 ሲጻፍ ፳፻፲፯ ነው፤ ሃያ መቶ ዐሥራ ሰባት ማለት ነው እንጂ እንደ ፈረንጆቹ አኃዝ በቆመበት ስፍራ ዋጋው አይለወጥም። ስለዚህ ዩኒኮድ በሚባለው የዓለም ፊደላት መዝገብ (ፊደላችን የገባበት በ1999 እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ነው) ከ፩ እስከ ፱ ያሉት አኃዝ፣ ከ፲ ጀምሮ ያሉት ግን ቁጥር ብቻ ተብለው ተመድበዋል። ፓይተንም የሚከተለው ይህንኑ መዝገብ ነው።

መመሪያው ይህን አልካደም። ዐሥራዊ ቁጥር የማይሠራባቸው አኃዞች መኖራቸውን ይናገራል፤ ምሳሌው ግን የካሮሽቲ ቁጥር ነው። ካሮሽቲ በጥንት ዘመን በዛሬዎቹ ፓኪስታንና አፍጋኒስታን ምድር ይጻፍበት የነበረ፣ ከጠፋም ከሺህ ዓመት በላይ የሆነው ፊደል ነው። ለጠፋው ስፍራ ተገኝቶ፣ በየካ ሚካኤልና በእንጦጦ ማርያም በሚደገመው ዳዊት መዝሙሩን የሚቈጥረው ፩፣ ፪፣ ፫ ስሙ አለመነሣቱ አስገረመኝ።

አንድ ጓደኛዬ «ምሳሌ ቢቀር ማንን ይጎዳል?» አለኝ። የሰንበት ትምህርት ቤት ልጅ መዝሙር በቁጥሩ የሚፈልግ ፕሮግራም ሊጽፍ ቢነሣ፣ ኢዝዲጂት «አዎን» ያለውን አምኖ ወደ ኢንት ይልከዋል፤ ፕሮግራሙም ወዲያው ይቆማል። ልጁ ታዲያ መመሪያውን ገልጦ ስለ ካሮሽቲ ሲያነብ፣ ነገሩ የራሱን ፊደል የሚመለከት መሆኑን በምን ያውቃል? ፊደሉ ለኮምፒዩተር አይሆንም ብሎ ሥራውን ቢተወው አይፈረድበትም።

እርማቴ አጭር ናት፦ ከ፩ እስከ ፱ ያሉትን የግዕዝ አኃዞች ኢዝዲጂት ያውቃቸዋል፣ ኢንት ግን አይለውጣቸውም፤ ከ፲ ጀምሮ ያሉት የኢዝኑሜሪክ ድርሻ ናቸው። ካሮሽቲ ይውጣ አላልሁም፤ በነበረበት ይኑር። ረቂቁን የእንግሊዝኛ መምህራችን ካነበቡልኝ በኋላ ልኬዋለሁ።