የድሪቶው ጀርባ

ጎብኚዋ ከአዳራሹ ደጃፍ እንደ ደረሰች ከአፏ የወጣው የመጀመሪያ ቃል “ድሪቶ!” የሚል ነበር። ቃሉን እንደ ተናገረች አፈረች። በአገሯ ድሪቶ ማለት ያረጀ ጨርቅ በሌላ ያረጀ ጨርቅ ላይ እየተደረበ የሚሰፋ፣ ብርድ ለመከላከል እንጂ ዐይን ለማስደሰት ያልታሰበ የድኻ ልብስ ነው። በአያቷ ቤት ከመደብ ላይ የሚነጠፍ አንድ ድሪቶ ነበር፤ እንግዳ የመጣ እንደ ሆነ ተጠቅልሎ ወደ ጓዳ ይገባል። ቃሉ ወደ ዩኒቨርሲቲ ከገባም በኋላ ክብር አላገኘም። ከሌሎች ሥራ ተለቃቅሞ የተሰፋ ጽሑፍ ያቀረበ ተማሪ “ይህ ድሪቶ ነው” ተብሎ ይመለስበታል። እዚህ ግን ድሪቶው እንደ ሥዕል በግድግዳ ላይ ተሰቅሏል፤ መብራት ተስተካክሎለታል፤ በአጠገቡም የሽልማት መግለጫ ተለጥፏል።

ስፍራው በአሜሪካ፣ በኬንታኪ ግዛት፣ የኦሃዮና የቴነሲ ወንዞች በሚገናኙባት በፓዱካ ከተማ የሚገኘው ብሔራዊ የክዊልት ሙዚየም ነው። ከተማዋን በዓለም ያስጠራት መርፌና ክር ነው። ቢልና ሜሬዲዝ ሽሮደር የተባሉ ባልና ሚስት እ.ኤ.አ. በ1984 የአሜሪካ ክዊልት ሠሪዎችን ማኅበር መሠረቱ፤ በ1985 የመጀመሪያው ዐውደ ርእይ ከውድድር ጋር ተካሄደ፤ በ1991 ደግሞ ሙዚየሙ ተከፈተ። በ2013 ዩኔስኮ ፓዱካን በእደ ጥበብና በሕዝባዊ ጥበብ ዘርፍ ከፈጠራ ከተሞች መካከል አስመዘገባት። በማኅበሩ ውድድር ታላላቅ ሽልማቶችን ካገኙት ሥራዎች ብዙዎቹ መጨረሻቸው ይህ ቤት ነው።

ክዊልት በአሠራሩ ሦስት ድርብ ነው። ከላይ ቁርጥራጭ ጨርቅ እየተገጠመ የሚወጣው መልክ አለ፤ ከመሐል ሙቀት የሚሰጠው ባዘቶ ይገባል፤ ከሥር ገበር ይሆናል። ሦስቱን አንድ የሚያደርገው ከላይ እስከ ታች ዘልቆ የሚያልፈው ስፌት ነው። ዳኞች ሥራውን የሚመረምሩት የሠሪው ስም ተሸፍኖ ነው። ስፌቱ እኩል መሆኑን፣ የኮከቦቹ ጫፍ አለመቆረጡን፣ ማዕዘኑ ቀጥ ማለቱን፣ ቅምቅማቱ እስከ ጠርዙ መሙላቱን፣ የእርሳስ ምልክት አለመቅረቱን ያያሉ። ጎብኚዋ ይህን ሁሉ አንብባ ወደ መጀመሪያው ተሸላሚ ስትቀርብ ዐይኗ ጉድለት ፍለጋ ከጥግ ወደ ጥግ ሮጠ። አላገኘችም። ከዚያ በኋላ ነው ዝም ብላ ማየት የቻለችው።

ከሁሉ ይልቅ ያቆያት በ1989 የዓመቱን ታላቅ ሽልማት ያገኘው የካረል ብራየር ፋለርት ሥራ ነው። የፀሐይን ግርዶሽ ያሳያል፤ ጨለማውን ክብ ከብቦ የሚወጣው ነበልባል ጨርቅ መሆኑ እስኪረሳ ድረስ የሚነድ ይመስላል። ይህ ሥራ ሦስቱ ድርብ በልብስ ስፌት መኪና ተሰፍቶለት የማኅበሩን ታላቅ ሽልማት ያገኘ የመጀመሪያው ክዊልት ነው። በጊዜው ብርቱ ክርክር አስነሥቶ ነበር። የእጅ ስፌትን የዚህ ሙያ ነፍስ አድርገው የሚያዩ ሰዎች በመኪና የተሰፋው ከእነርሱ ሥራ ጋር መመዘኑ ቅር አሰኛቸው። ዛሬ በመኪና የተሰፋ ክዊልት ቢሸለም የሚደነግጥ የለም። ክርክሩ ግን ከመኪናው አልፎ የሚሄድ ጥያቄ ትቶ ሄዷል፤ አንድ ሥራ የማን ነው የሚባለው የትኛውን ክፍል ለሠራው ሰው ነው?

በሙዚየሙ የተሰቀለውን ክዊልት ጎብኚ በእጁ አይነካም። ጀርባውን ማየት ከፈለገ ነጭ ጓንት ያጠለቁትን አስተናጋጅ ይጠይቃል። ጎብኚዋም ጠየቀች። ሴትዮዋ የክዊልቱን ጠርዝ በሁለት ጣታቸው ያዝ አድርገው ገለጥ አደረጉላት። በጀርባው ቀለም የለም፤ ኮከብም ነበልባልም የለም። ያለው ስፌቱ ብቻ ነው። ቋጠሮው እንኳ ወደ ባዘቶው ተስቦ ተደብቋል። ፊቱ የሐሳቡን ውበት ያሳያል፤ ስንት ሰዓት ጎንበስ እንደ ተባለበት የሚናገረው ግን ጀርባው ነው።

ጎብኚዋ ወደ ፓዱካ ከመምጣቷ በፊት ያነበበችው አንድ ታሪክ በዚህ ጊዜ ትዝ አላት። እ.ኤ.አ. በ1933 በቺካጎ የዓለም ዐውደ ርእይ ሲዘጋጅ፣ ሲርስ የተባለው ታላቅ የንግድ ድርጅት አገር አቀፍ የክዊልት ውድድር አወጀ። ዘመኑ የኢኮኖሚ ውድቀት ዘመን ነበር፤ ለአንደኛው የተመደበው 1,000 ዶላር ለብዙ ቤተሰብ ከዓመት ገቢ የሚበልጥ ገንዘብ ነው። ወደ 25,000 የሚጠጉ ክዊልቶች ቀረቡ። አሸናፊዋ በኬንታኪ የሌክሲንግተን ነዋሪ የሆነችው ማርጋሬት ሮጀርስ ኬደን ሆነች፤ ክዊልቷም ለፕሬዚዳንቱ ባለቤት ለኤሌኖር ሩዝቬልት ተበረከተ። የውድድሩ ደንብ ሥራው የተወዳዳሪዋ የራሷ እንዲሆን ያዝዝ ነበር። ያን ክዊልት የገጠሙትና የሰፉት ግን ለኬደን በክፍያ የሚሠሩ ሌሎች ሴቶች ነበሩ። ሥራ በጠፋበት በዚያ ዘመን እንጀራቸውን እንዳያጡ ፈርተው ዝም አሉ። ሜሪኬይ ዋልድቮገልና ባርባራ ብራክማን የውድድሩን ታሪክ መርምረው መጽሐፋቸውን ያሳተሙት በ1993 ነው፤ በመሐሉ ስድሳ ዓመት አልፏል። ክዊልቱ ራሱ ዛሬ የት እንዳለ አይታወቅም።

እነዚያ ዳኞች ጥፋተኞች ናቸው ማለት ያስቸግራል። የተሰጣቸውን በሚገባ መዝነዋል፤ ስፌቱ በእርግጥ ድንቅ ነበር። ስም ተሸፍኖ መዳኘትም ለፍትሕ የታሰበ ሥርዐት ነው፤ ዝምድናንና ዝናን ከሚዛኑ ያስወጣል። ነገር ግን ሽፋኑ በሚነሣበት ሰዓት ከሥሩ የሚገኘው ስም ትክክለኛው መሆኑን ሥርዐቱ በራሱ አያረጋግጥም። ለዚያ ሌላ ጥያቄ ያስፈልጋል፤ ጥያቄውንም አስቀድሞ መጠየቅ የሚገባው ስሙን የሚያስመዘግበው ሰው ነው።

ጎብኚዋ ወደ መውጫው ስትቃረብ በአንድ ክዊልት መግለጫ ላይ ሁለት ስሞች አየች። አንደኛዋ ቁርጥራጩን የገጠመችው ናት፤ ሁለተኛዋ ሦስቱን ድርብ የሰፋችው። በዛሬዎቹ ዐውደ ርእዮች ይህ የተለመደ ነው፤ ሁለት ሰዎች የሠሩት ክዊልት የሚወዳደርበት የራሱ ምድብ ያላቸው ውድድሮችም አሉ። ሁለተኛው ስም የመጀመሪያውን አላሳነሰውም። ሥራው እንዴት እንደ ተሠራ ለማወቅ ለሚፈልግ ሰው ግን መግለጫው ይበልጥ እውነተኛ ሆኗል።

በዚያ ምሽት እናቷ ዘንድ ስልክ ደውላ የአያቷን ድሪቶ ማን እንደ ሰፋው ጠየቀች። እናቷ በጥያቄው ሳቁ። ጨርቁን መርጠው የሚቆርጡት አያቷ ነበሩ፤ ዐይናቸው ከደከመ በኋላ ግን መርፌውን የያዙት እናቷ ራሳቸው ናቸው። “የአያቴ ድሪቶ” ስትል ያደገችው ልጅ ይህን አንድም ቀን አልጠየቀችም፤ እናትም አልተናገሩም።

ነገሩ ለእርሷ ከትዝታ ያለፈ ነበር። የማስተርስ ጥናቷ በሸማ ሥራ ላይ ነው፤ ረቂቁም ሊገባ ጥቂት ሳምንታት ቀርተውታል። በረቂቁ ውስጥ ሸማኔዎቹ በዕድሜ፣ በልምድ ዘመንና በሚሠሩት የጥበብ ዓይነት ተለይተው በሠንጠረዥ ሰፍረዋል፤ በምስጋናው ገጽም አሉ። ድሩ ዛሬ በአብዛኛው የፋብሪካ ክር ነው፤ ማጉን ግን በእንዝርት የሚፈትሉት ሴቶች ናቸው። ስለ እነርሱ የተጻፈው አንድ ዐረፍተ ነገር ብቻ ነው፤ “ማግ ከአካባቢው ይቀርባል” ይላል። ማን እንደሚያቀርበው ግሱ አይናገርም። ሰዋስዉ ትክክል ነው፤ ፈታኝም አያርመውም።

ስሞችን በረቂቁ ላይ እንዲሁ መጨመር እንደማይቻል ታውቃለች። ስሟ እንዲጻፍ የማትፈልግ ፈታይ ልትኖር ትችላለች፤ ፈቃድ መጠየቅ ያስፈልጋል፤ ለፈቃዱ ደግሞ ተመልሶ መሄድና ደጃፍ ላይ ቁጭ ብሎ ማነጋገር ግድ ነው። ይህም ማስረከቢያውን ወደ ሚቀጥለው ወሰነ ትምህርት ሊገፋው ይችላል። ከአገር ስትመለስ መጀመሪያ ያደረገችው ለአማካሪዋ ደብዳቤ መጻፍ ነበር። ተጨማሪ የመስክ ጊዜ ጠየቀች፤ በምክንያቱ ቦታም ስለ ክዊልት አንድም ቃል ሳታነሣ፣ በጥናቱ ውስጥ ያልተጠየቁ ሠራተኞች እንዳሉ ብቻ ገለጸች።