አቡነ፦ አባትነት የተደራረበበት ማዕረግ

በዐውደ ምሕረት ላይ «ብፁዕ አባታችን አቡነ እገሌ፣ ጳጳስ» ተብሎ ሲነገር አንድ ሰው ሦስት ጊዜ አባት መባሉን ልብ የሚል ምእመን ጥቂት ነው። አቡነ «አብ» ከሚለው የግእዝ ስምና «ነ» ከተባለው ዝርዝር፣ ማለትም የእኛ መሆኑን ከሚያመለክት ቅጥያ የተገኘ ስለሆነ ፍችው ያው «አባታችን» ነው፤ ከግሪክ የመጣው ጳጳስም በመነሻው አባት ማለት ነው። አማርኛ «ነ»ን የስሙ አካል አድርጎ ስለ ወሰደው አቡኑና አቡኖች ይላል፤ «አቡናችን» ሲባል የሰማ የግእዝ መምህር ፊቱን ቢያጨማድድ አይፈረድበትም።

ማዕረጉ ዛሬ የጳጳሳት መለያ ይሁን እንጂ፣ ደብረ ዳሞን የመሠረቱት አቡነ አረጋዊና ሕዝቡ በአጭሩ «አቦ» የሚላቸው የዝቋላው አቡነ ገብረ መንፈስ ቅዱስ ጳጳሳት ሳይሆኑ ይጠሩበታል፤ ስለዚህ አቡነ መጀመሪያውኑ የሹመት ስም ሳይሆን ልጆች ለመንፈሳዊ አባታቸው የሚሰጡት የአክብሮት መጠሪያ ነበር ማለት የተሻለ ይመስላል።

«አቡን» ያለ ስም ብቻውን ለአንድ ሰው መጠሪያ ሊሆን የቻለው፣ ከመጀመሪያው ጳጳስ ከአባ ሰላማ ከሣቴ ብርሃን በኋላ እስክንድርያ ለኢትዮጵያ የምትልከው ግብፃዊ ጳጳስ አብዛኛውን ዘመን አንድ ብቻ ስለነበረ ነው፤ በዘርዐ ያዕቆብ ጊዜ ሁለት፣ ዐፄ ዮሐንስ 4ኛ ጠይቀው ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1881 አራት መጥተዋል። ለዚህ ሁሉ የሚጠቀሰው ኢትዮጵያውያን ከሊቃውንቶቻቸው መካከል ሊቀ ጳጳሳት እንዳይሾሙ የሚከለክለው የፍትሐ ነገሥት ቃል ሲሆን፣ ክልከላው የኒቅያ ጉባኤ ነው ቢባልም ጉባኤው እ.ኤ.አ. በ325 ከወሰናቸው 20 ቀኖናዎች ውስጥ የለም፤ የሚገኘው ከብዙ ዘመን በኋላ በጉባኤው ስም በተሰበሰበው የዐረብኛ ቀኖና ነው። ቅኔውንና ትርጓሜውን አምልተው አስፍተው የሚያስተምሩ መምህራን በሞሉበት አገር እንዲህ ያለው ቃል ያን ያህል ዘመን ያለ ብርቱ ሙግት መከበሩ የሚያስቆጭ ነው። በመጨረሻ በ1921 ዓ.ም. ኢትዮጵያውያኑ አቡነ አብርሃም፣ አቡነ ጴጥሮስ፣ አቡነ ሚካኤልና አቡነ ይስሐቅ በካይሮ ተሾሙ፤ ሰኔ 21 ቀን 1951 ዓ.ም. ደግሞ አቡነ ባስልዮስ የመጀመሪያው ኢትዮጵያዊ ፓትርያርክ ሆኑ።

ራሱን «አባታችን» ብሎ መጥራት ለማንም አይመችምና፣ በልማድ ጳጳሳቱ በደብዳቤና በመግለጫ ግርጌ ሲፈርሙ አቡነ አይሉም፤ ፓትርያርኩ ሳይቀሩ ከስማቸው በፊት የሚያስቀምጡት ማንኛውም መነኩሴ የሚጠራበትን «አባ»ን ነው።