የአስታማሚ ልብ በምን ይጸናል?

ልዕልት ፀሐይ በስደቱ ዘመን በለንደን ከተማ በሕፃናት ሐኪም ቤት ገብተው የነርስነትን ሥራ መማራቸው የዚህን ሙያ ክብር ለሁሉ አሳይቷል። ነገር ግን ክብር ብቻውን የሠራተኛን ልብ አያጸናም።

በቤታችን ነርስ የሆነች እኅት አለችን። ስታስታምመው ያደረችው ሕፃን በሞተ ጊዜ፣ ምግብ ቀርቦላት ሳትቀምስ ዝም ብላ ትቀመጣለች። በዚያን ሰዓት «ጠንክሪ» ከሚላት ይልቅ አጠገቧ ተቀምጦ የሚሰማት እንደሚያጽናናት አይተናል።

የዓለም ጤና ድርጅት በ2011 ዓ.ም. እንዳስታወቀው፣ የሥራ መዛል በሥራ ቦታ ከሚደርስና ካልተገታ ጭንቀት የሚመጣ ነው። ስለዚህ መድኃኒቱን ከነርሲቱ ብቻ መፈለግ አይገባም። ሐኪም ቤት የሚያስተዳድሩ ሹማምንት የሌሊቱን ተራ በትክክል ቢያካፍሉ፣ ከከባድ ሐዘን በኋላ ባልደረቦች የሚነጋገሩበት ጥቂት ጊዜ ቢሰጡ፣ አዲሲቱም ነርስ ከነባሪቱ ጋራ እንድትሠራ ቢያደርጉ ሸክሙ ይቀላል፤ ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክም፣ ለሃምሳ ሰው ግን ጌጥ ነውና።

ቤተ ሰብም በበኩሉ፣ ከሌሊት ሥራ የተመለሰችው እንድታርፍ ልጆችን ዝም አሰኝቶ፣ እንግዳንም ወደ ማታ ቀጥሮ፣ እንቅልፏን ሊጠብቅላት ይገባል።