ዳማውን ማን ጋለበው?

በእኛ በጥርባ ፈረስ ያለው ልጅ ጥር 23ን ከፋሲካ አስበልጦ ይናፍቃታል። የአገው ፈረሰኞች ማኅበር ከ1932 ዓ.ም. ጀምሮ በአድዋ የዘመቱትን ፈረሶች ውለታ የሚያስብባት የጊዮርጊስ ዕለት ናት። ጓደኛዬ ዳማ ፈረስ ነበረው። ከአባቱ የቀረ፣ ገብስ ሲያበራይ የሚከርም የቤቱ ሁሉ ፈረስ ነው፤ በበዓሉ ዋዜማ ግን ማንም አይነካበትም። ግላሱን ራሱ ያጥባል፣ የልጓሙን ብረት በአመድ ፈትጎ ፊቱን ያይበታል። (ስሙን አልጽፍም፤ እናቱ አሉ።)

የኤርትራ ጦር ባድመን ከያዘ በኋላ በ1990 ክረምት አብረን ልንመዘገብ ሄድን። እኔን በዓይኔ መለሱኝ፤ እሱ ብር ሸለቆ ሠልጥኖ ወደ ግንባር ሄደ።

እናቱ ፊደል አልቆጠሩም፣ አማርኛቸውም እምብዛም አይደለም። እኛ ደግሞ መጻፍ የተማርነው በአማርኛ ነው። ደብዳቤ በመጣ ቁጥር ምድጃው አጠገብ ተቀምጬ ወደ አገውኛ እየመለስኩ አነብላቸዋለሁ። ግማሹ ሰላምታ ነው፤ ጎረቤቱ፣ አክስቱ፣ የንስሐ አባቱ በየተራ ይጠራሉ። አንዷን ከዘለልኩ «እሷንስ ረሳት?» ይሉኛል።

በ1991 የካቲት መጨረሻ ባድመ መለቀቋ በሬዲዮ ተነገረ፤ መንደሩ በእልልታ ቀለጠ። በሳምንቱ ከገበያ የተመለሰ ሰው ደብዳቤ አመጣ። እናቱ ገና ሳልከፍተው እልል አሉ፤ ከውጊያው በኋላ የጻፈው መስሏቸው ነው። ራስጌው ላይ ጥር 24 ይላል። ባድመን ለማስለቀቅ ማጥቃቱ የተከፈተው የካቲት 16 ነው። ቀኑን አላነበብኩም። መሃል ላይ ደግሞ «ትናንት ጊዮርጊስ ነበር፤ ዳማውን ማን ጋለበው?» ይላል። እሱን ካነበብኩ ቀኑ ይታወቃል፤ ዘለልኩት።

«ስለ ፈረሱ ምንም አላለም?»

«ወረቀቱ አልበቃውም» አልኳቸው።

ሌላ ደብዳቤ አልመጣም። ታኅሣሥ 3 ቀን 1993 አልጀርስ ላይ ስምምነት ተፈረመ፤ መርዶው የደረሰን ከዚያ በኋላ ነው። ሽማግሌዎቹ ሳይነጋ መጡ። አስከሬን ስለሌለ ዳማው ተጫነ፤ ኮርቻው ላይ ጋቢውንና ከብር ሸለቆ የላከውን ፎቶግራፍ አሰሩበት። አጎቱ ልጓሙን ይዞ በለቅሶው መሃል አዞረው። ፈረሱ አርጅቷል፤ ሆኖም ጩኸቱን ሲሰማ ጆሮውን ቀጥ አድርጎ መሬቱን በኮቴው ይደበድብ ጀመር። ለጉግስ የወጣ መስሎት ነው። ሙሾ የምታወርደው ሴት እንኳ ለአፍታ ዝም ብላ አየችው።

በስምምነቱ የተቋቋመው የድንበር ኮሚሽን በ1994 ባድመን ለኤርትራ ወሰነ። መንግሥት ውሳኔውን ሙሉ በሙሉ እቀበላለሁ ያለው ግን በ2010 ግንቦት መጨረሻ ነው። የዚያን ሰሞን እናቱ አስጠሩኝ። ከሳጥናቸው ደብዳቤውን አወጡ፤ በማጠፊያው ተሰንጥቋል፣ ጢስ ጢስ ይሸታል።

«እስቲ እንደገና አንብብልኝ፤ አሁን ሳትቸኩል።»

ከቀኑ ጀመርኩ። ፈረሱ ዘንድ ስደርስ ድምፄ ከዳኝ፤ እንደምንም አነበብኩት። ነጠላቸውን አፋቸው ላይ አድርገው ብዙ ቆዩ።

«የዚያን ዓመት የሰጠሁት ለአንተ ነበር» አሉኝ። «አንተ መጋለብህን ጻፍክለት?»

አልጻፍኩለትም።