ስለ ሴን ክሎድ ከተማና ስለ አንድ አሮጌ ፒፓ

በፈረንሳይ አገር በምሥራቅ በኩል፥ በዡራ ተራሮች መካከል፥ ቢየንና ታኮን የሚባሉት ወንዞች በሚገናኙበት ጠባብ ሸለቆ ሴን ክሎድ የምትባል ከተማ ትገኛለች። ቤቶቿ በገደሉ ላይ ተደራርበው የተሠሩ ስለ ሆኑ፥ ከድልድዩ ቆሞ ለሚመለከታት የአንዱ ጣራ ለሌላው ደጅ የሆነ ይመስላል። ሰዎቿ ቀድሞ ለተሳላሚዎች መቍጠሪያና ልዩ ልዩ የእንጨት ዕቃ እየቀረጹ ይሸጡ ነበር፤ እንደ ፈረንጆች አቈጣጠር ከ1850ዎቹ ዓመታት ወዲህ ግን እሳት ቶሎ የማይበላውን ሥር እየጠረቡ በሚሠሩት የትንባሆ ፒፓ ስማቸው በዓለም ተሰማ። ዛሬ የቀሩት ሠሪዎች ጥቂቶች ናቸው።

እኔ ወደዚያ የሄድሁት አገር ለማየት ብቻ አልነበረም። አባቴ ነፍሳቸውን ይማርና ሲያጨሱበት የኖሩትን ፒፓ በኪሴ ይዤ ነበር። እርሳቸው ካረፉ በኋላ አጸዳዋለሁ ብዬ በፈላ ውሃ ብዘፈዝፈው፥ እንጨቱ ወዙን አጣ፤ ጥቍር የነበረው መምጠጫውም አረንጓዴ ሆነ።

አንድ ሽማግሌ ባለሙያ ፒፓውን አገላብጦ አየና፥ «ውሃ ለፊት ነው እንጂ ለፒፓ አይደለም» አለኝ። እንጨቱ ከወዴት እንደሚመጣ ብጠይቀው፥ ከቆርሲካና ከሌላውም የሜዲቴራኒያን ዳርቻ መሆኑን ነግሮኝ፥ የደረቀ ቅርንጫፍ አሳየኝ። ለካስ በሰሜን ተራራ የማውቀው አስታ ኖሯል! ከግንዱ ሥር ያለው እብጠት ተቈፍሮ፥ 12 ሰዓትና ከዚያም በላይ ተቀቅሎ፥ ብዙ ወራት ከደረቀ በኋላ ይቀረጻል።

ከዚያም ሥራውን ጀመረ። አስቀድሞ መምጠጫውን ነቀለ፤ ይህም ፒፓው ሲቀዘቅዝ ብቻ እንጂ በትኵስነቱ አይደረግም፥ ይሰበራልና። በጎድጓዳው ውስጥ የተጋገረውን ከሰል ፍቆ የ1 ሚሊሜትር ያህል አስቀረ። ስስ ከሰል እንጨቱን ከእሳት ይጠብቀዋል፤ ሲበዛ ግን በሙቀት እየሰፋ ይሰነጥቀዋል። ቀጥሎ ጥጥ ሞላበትና ብርቱ አልኮል አንጠባጥቦ አሳደረው። በማግሥቱ ጥጡ እንደ ቡና አተላ ጠቍሮ ወጣ፤ የስንት ዓመት ጢስ እንደ ሆነ እንጃ።

መምጠጫው በድኝ የጠነከረ ጎማ ስለ ሆነ፥ ብርሃንና ሙቅ ውሃ መልኩን ይለውጡታል። ሽማግሌው አረንጓዴውን በደቃቅ ብርጭቆ ወረቀት ሲፍቅ ድንገት ቆመና፥ «እነዚህን የጥርስ ምልክቶች ጥቂት ባሞቃቸው ጎማው ተነሥቶ ይጠፋሉ፤ ላጥፋቸውን?» ሲል ጠየቀኝ።

አባቴ የባለጉዳይ ማመልከቻ ሲያነቡ ፒፓውን በግራ ጥርሳቸው ነክሰው ይይዙት ነበር። እሺ ልለው አፌን ከፍቼ ነበር፤ አዲስ ሆኖ ለማየት ጓጕቼ ነበርና። ኋላ ግን፥ «ይተዉአቸው» አልሁት። እርሱም ምንም ሳይናገር ዙሪያውን ብቻ ፋቀ፤ እንጨቱንም ሰም ቀብቶ በሚሽከረከር ጨርቅ ወለወለው።

እኔ ትንባሆ አላጨስም። ፒፓው በጽሕፈት ቤቴ፥ ፀሐይ በማይደርስበት መደርደሪያ ላይ ተቀምጧል።